ደብዳቤ ለልጄ፦ ቁጣው የማን ነው?

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ልጁስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሞጣ ዝናቡ በርትቷል፤ እናትህም ፍልሰታን ይዛለች።

በስልክ የነገርከኝ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎ ነው የምጽፍልህ። እንግዳ ሲገባ ልጁ አልነሳም ቢልህ ደምህ ፈልቶ ቆንጥጠህ ጓዳ አስገባኸው፤ «ባለጌ ሆነብኝ» አልክ። የአምስት ዓመት ልጅ አለመነሳቱ ብዙም አልገረመኝም። ያንተ ደም ግን ያን ያህል ለምን ፈላ?

እኔ ልጅ ሳለሁ እንግዳ ከመጣ ኩራዝ ይዤ እቆም ነበር። ትልልቆቹ በልተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ወሬያቸውን እስኪጨርሱ ድረስ። ሳንጎላጅ አያትህ በዓይናቸው ብቻ ይመልሱኛል። እጅ ማስታጠብ የእኔ ድርሻ ነው፤ መናገር ግን አልተፈቀደልኝም። እስከ ዛሬ ሽማግሌ ቆሞ ልጅ ተቀምጦ ካየሁ ጀርባዬ ይገተራል። ያን ጊዜ በእኔ ዓይን የሚያዩት አያትህ ናቸው። አንተ ኩራዝ ባትይዝም ያቺን ዓይን ከእኔ ሳትወርስ አልቀረህም።

አያትህን ልወቅስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ የጎጃም ገበሬ ሲያምፅ ሞጣም ከታመሱት አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያ ሰሞን ቤት የገባው ሰው ማን እንደሆነ፣ የሰማውንም ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ልጅ አፉ ካመለጠው ቤተሰቡን ጣጣ ውስጥ ይከታል። የአያትህ ዓይን ያኔ ሥራ ነበረው። ዛሬ ባሕር ዳር፣ እንግዳው የመሥሪያ ቤት ጓደኛህ ሆኖ ሳለ፣ ያው ዓይን ምን ይሠራል?

ጡረታ ፈላስፋ አደረገው እንዳትለኝ እንጂ ነገሩ የተጠናም ነው። ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ነፍሰ ጡር እናቶችን ስለ ገዛ ልጅነታቸው ጠይቀው፣ ልጆቹ ዓመት ሲሞላቸው ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት ተመለከቱ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። ከእናቲቱ አነጋገር ተነሥቶ፣ ልጁ በእናቱ ይተማመን እንደሆነ ከአራቱ በሦስቱ ያህል አስቀድሞ ማወቅ ተችሏል። በእንዲህ ያለ ጥናት የሚመዘነው ልጅነቷ መልካም ወይም ክፉ መሆኑ አይደለም። ያሳለፈችውን ሳትሸሽግ፣ በንዴትም ሳትዋጥ፣ መልክ አስይዛ መናገር መቻሏ ነው የሚታየው። ይህን ሳነብ ልቤን ቀለል አለኝ። ክፉ ያየ ሰው ሁሉ ክፉ ወላጅ እንዲሆን አልተፈረደበትም ማለት ነውና።

እኛ ደግሞ ራስን መመርመር አዲስ ነገር አይደለም፤ የንስሐ አባት አለን። ጾም መሻራችንን፣ ከጎረቤት መጣላታችንን እንናገራለን። «በራሴ ንዴት ልጄን መታሁት» ብሎ የሚናዘዝ ግን ስንቱ ነው? መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የሚለውን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባቶችን ስለ ልጆቻቸው «አታስቆጡአቸው» ያለውን ደግሞ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል።

ልጁ እንግዳ ማክበር አይማር እያልኩህ አይደለም፤ ይማር። በር ሲንኳኳ አብረኸው ተነሣ፣ እጁን ይዘህ ሰላም በሉ። ብቻ ንዴትህ ሲመጣ አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፦ ይህ እንግዳ እዚህ ባይቀመጥ ኖሮ በዚህ ነገር እቆጣ ነበር? ካልሆነ ልጁን የቆነጠጥከው ለእንግዳው ብለህ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» በአገራችን ስንቱን ልጅ አስመትቷል!

ክረምቱ ሳያልቅ ይዘኸው ና። ስለ አያትህ ያልነገርኩህ ገና ብዙ አለ፤ ስትመጣ ጠይቀኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ቅቤውን እናትህ ጾሙ ሲፈታ ወደዚያ በሚመጣ ሰው ትልክልሃለች፤ ዕቃውን መልሱልኝ ብላለች።

አባትህ
ከሞጣ