ስለ መራዊው ፊልም ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በአማራ ክልል በመራዊ ከተማ ስለተፈጸመው ግድያ ጽፈሽ የላክሽልኝን የፊልም ጽሑፍ ከእናትሽ ደብቄ አነበብሁት፤ መራዊ ዘመዶች ስላሏት በየገጹ የእነሱን ስም የምትፈልግ መስሎኝ ነው።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን እኔ ለአንቺ አልተርክልሽም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ማረጋገጡን አንቺው በመግቢያሽ አስፍረሽዋል። ቀኑ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ስለነበር፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ሙት ዓመት የሚያስቡት ሌላው ሰው በዓል በሚያከብርበት ሰሞን ነው።

በጽሑፍሽ ውስጥ አንዲት እናት የልጇን አስከሬን በጋቢው የምትለይበት ቦታ አለ፤ ራሷ በጥቁር ክር የጠቀመችውን ቀዳዳ በጣቷ ዳብሳ ታገኘዋለች። እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥሁት። ይህ ጋቢ የማን ነው? ከራስሽ የፈጠርሽው ከሆነ፣ በዚያ ቀን ልጇን ያጣች እናት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ «የእኔ ልጅ እንዲህ አልነበረም» ብትልሽ ምን ትመልሺላታለሽ? ከአንዷ አፍ ሰምተሽ የወሰድሽው ከሆነ ደግሞ፣ በጋቢው ትኬት እንደሚቆረጥበት ነግረሻታል? በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በውጭ አገር የተሸለመው «ድፍረት» የተባለው ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዳው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ዕግድ የቆመው፣ ታሪኩ የተሠራባት ሴት ሳልጠየቅ ተሠራብኝ ብላ አቤት በማለቷ ነበር።

በእኛ አገር ልቅሶ ላይ አልቃሿ ሙሾዋን ከማውረዷ በፊት ወደ ሐዘንተኞቹ ጠጋ ብላ የሟቹን ስም፣ ትውልዱን፣ ሙያውንና አሟሟቱን ትጠይቃለች፤ ያልሆነውን ካለችም እዚያው የሚያርማት አይጠፋም። የፊልም ሠሪ ሥራ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም፤ ክፋቱ ግን ፊልሙ ሲታይ የሚያርመው ሰው አጠገቡ አለመኖሩ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ ያሳየበት ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱም ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረኀቡም እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠው እጅ ግን ፍርድ ሰጥቷል፤ ያየውም ሰው ያንን ፍርድ በዓይኑ እንዳየው ነገር አድርጎ ሲተርከው ኖሯል። ፍርዱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

ፊልሙን ለመሥራት ስንት ዓመት ይለፍ ብሎ ዘመን መቁጠር ብቻውን መልስ እንደማይሆን ይገባኛል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2001 ስለተጠለፈው አውሮፕላን «ዩናይትድ 93»ን ያወጡት በ2006፣ ገና በአምስተኛው ዓመት ነው። ነገር ግን የአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት በ2004 ታትሞ በእጃቸው ነበር፤ ዳይሬክተሩም የሟቾቹን ቤተሰቦች አነጋግሯል። እኛስ? የአማራ ክልሉ ጦርነት መቼ አባራና ነው የምንተውነው? አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ፤ ምስክርነት የሰጠችሽ ሴት ግን የምታድረው እዚያው መራዊ ነው። ስሟን ብትቀይሪው እንኳ ጎረቤቷ በጋቢው ያውቃታል።

«አሁን ካልሠራነው ይረሳል» ያልሽው እውነትነት አለው። ኃይሌ ገሪማ ስለ ደርግ ዘመን የሚተርከውን «ጤዛ» የተባለውን ፊልም ለተመልካች ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ደርግ ከወደቀ ከ17 ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል የሚያውቁትን ሳይናገሩ ያለፉትን እናቶችና አባቶች አስቢያቸው። ስለዚህ ዝም በይ አልልሽም፤ አሁን ምስክርነቱን ቅጂ፣ ፊልሙን ኋላ ሥሪው ነው የምልሽ። ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ፊቱን ሳታሳዪ በድምፅ ብቻ ቅጂው፤ የቀዳሽውንም እሱ ሳይፈቅድ ለማንም አታሰሚ፤ ሐሳቡን ከለወጠ መልሺለት። እስከዚያው እጅሽ አላርፍ ካለ፣ ያደግሽው በቅኔ አገር ነው፤ ቦታውንም ዘመኑንም ለውጠሽ ሰም አልብሺው፣ ወርቁን ፈልጎ የሚያገኝ አይጠፋም።

ተኩሱን በቀጥታ የምታሳዪበትን ክፍል ግን ሁሉም ቢፈቅዱልሽ እንኳ አውጪው። ተዋናይ ወድቆ ቀይ ቀለም ሲፈስ ማየት ለባሕር ዳር ወይም ለአዲስ አበባ ተመልካች ድንጋጤ ይሆናል፤ ያንን ጎዳና ዛሬም በየዕለቱ ለሚመላለስበት ሰው ግን ምን እንደሚጨምርለት አይታየኝም። ከተኩሱ በኋላ የጻፍሽው፣ ሴቶቹ ድንኳን ሳይተከል በየቤቱ ተደብቀው የሚያለቅሱበት ክፍል፣ ከሁሉም የበለጠብኝ እሱ ነው፤ እሱን አስፊው።

ለጥር የምትመጪ ከሆነ ካሜራሽን ይዘሽ አትምጪ። በመጀመሪያ የሟቾቹን ቤተሰቦች በነፍስ አባታቸው በኩል እናስጠይቃለን፤ እሺ ላሉት እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። እንቢ ያለችን እናት ግን ሁለተኛ ሰው ልከሽ እንዳታስለምኚ።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ