በነሐሴ ወደ የትኛው ደሴት?

ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣
አዳማ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደህና ነን። «እደውልልሻለሁ» እየተባባልን ባለፉት ዓመታት ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ለማጣራት አልሞክርም፤ ዝምታው የሁለታችንም ስለሆነ እኩል እንካፈለውና ወደ ጠየቅሽኝ ጉዳይ ልግባ። ሃያ አምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁን በሕንድ ውቅያኖስ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ልታከብሩ መወሰናችሁን፣ ነገር ግን ባለቤትሽ ማልዲቭስ፣ አንቺ ሲሸልስ፣ ልጃችሁ ደግሞ ዛንዚባር ካልሆነ ብላችሁ መለያየታችሁን ጽፈሽ፣ ዕድሜዋን ትኬት ቢሮ ውስጥ እንደጨረሰች ሴት እንዳስታርቃችሁ ጠይቀሽኛል። ሽምግልናውን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ፍርዴ ግን ሁላችሁንም ላያስደስት ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ወደ ቢሮአችን የሚመጣውን ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ከሥራው ፈቃድ የሚያገኝበትን ወር ነው። ብዙዎች ግን በስልካቸው ያዩትን ፎቶግራፍ አውጥተው «ይህቺን ነው የምፈልገው» ይሉኛል፤ ፎቶግራፉ የተነሳው በየካቲት ይሁን በሐምሌ የሚያውቁት ነገር የለም። እዚህ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚያከራዩት ልጆች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳ ስለሚያውቁ እንግዳ በጠዋት እንዲመጣ ይመክራሉ፤ የሕንድ ውቅያኖስም ጠባይ እንዲሁ በነፋሱ የሚወሰን ሲሆን፣ ልዩነቱ የእርሱ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እያንዳንዳቸው ወራት የሚቆዩ መሆናቸው ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከግንቦት ገደማ እስከ መስከረም ደግሞ ዞሮ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣና የምድር ወገብን ሲሻገር ወደ ሕንድ ታጥፎ የዚያን አገር ክረምት ያመጣል። ስዋሂሊዎች የመጀመሪያውን ካስካዚ፣ ሁለተኛውን ኩሲ ይሉታል፤ የዓረብ ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በካስካዚ ወደ ዛንዚባር ወርደው በኩሲ ወደ አገራቸው የሚመለሱት በዚሁ ምክንያት ነበር። የተጋባችሁት ከጥምቀት ማግስት ስለሆነ በዓሉ በራሱ ወቅት በጥር ቢከበር ኖሮ ሌላ ነገር እጽፍልሽ ነበር። አንቺ ግን አስተማሪ ነሽና የምትገኚው በክረምት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ነሐሴ፣ ማለትም ስለ ኩሲ ነው።

የባለቤትሽን ምርጫ ላስቀድም። ማልዲቭስ ወደ 1,190 የሚጠጉ የኮራል ደሴቶች ስብስብ ስትሆን፣ ለማንኛውም አገር ዜጋ የ30 ቀን መግቢያ ፈቃድ ያለ ክፍያ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስለምትሰጥ የእኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ታላቅ እፎይታ ናት። ይሁን እንጂ ነሐሴ በዚያ የዝናብና የማዕበል ወቅት ነው። ቀኑን ሙሉ ይዘንባል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ሦስት ቀን በመስኮት ዳመና እያዩ መቀመጥ ያንገበግባል። መጓጓዣውም ቀላል አይደለም፤ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ዋና ከተማዋ ማሌ አጠገብ ሲሆን፣ ሆቴላችሁ ወዳለበት ደሴት የሚወስዳችሁ ፈጣን ጀልባ ወይም ውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ይህ አውሮፕላን የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ አመሻሽቶ የደረሰ መንገደኛ ማሌ አካባቢ ለማደር ሌላ የሆቴል ሂሳብ ይከፍላል። ባለቤትሽ በማስታወቂያ ያየው የመኝታ ዋጋ ላይ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያውና ግብሩ ሲጨመሩ ሂሳቡ ከሩብ በላይ ያድጋል። ሕዝቡ በሚኖርባቸው እንደ ማፉሺ ባሉ ደሴቶች ርካሽ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ በእነዚህ ግን አልኮል ስለማይሸጥ ባለቤትሽ የብር ኢዮቤልዩውን በለስላሳ መጠጥ ለማክበር ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂው። ለአምልኮ የሚውል የሌላ እምነት ምስል ይዞ መግባትም የተከለከለ መሆኑን አትርሺ።

የአንቺ ምርጫ፣ ውበት ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፣ ያሸንፍ ነበር። ሲሸልስ 115 ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ የቆሙት እንደ ማልዲቭስ በኮራል ላይ ሳይሆን ግራናይት በተባለ ጥንታዊ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ነው። ከቦሌ በአየር መንገዳችን በቀጥታ ማሄ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ በፈጣን መርከብ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ፕራስሊን፣ ከፕራስሊን ደግሞ በሩብ ሰዓት ላ ዲግ ትገባላችሁ፤ እዚያ አብዛኛው ሰው የሚንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው። ፕራስሊን ላይ ያለው ቫሌ ደ ሜ የተባለው ጫካ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ኮኮ ደ ሜር የሚሉት የዘንባባ ዓይነት፣ በዓለም ላይ ከሁሉም የሚበልጠውን ዘር የሚያፈራው ዛፍ፣ በብዛት ይታይበታል። ቪዛ አያስፈልግም፤ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የጉዞ ፈቃድ፣ የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ማረፊያ ማሳየት ግን ያስፈልጋል። ታዲያ ምን ጎደለው ትዪኝ ይሆናል። ነሐሴ ኩሲ የሚበረታበት ወቅት በመሆኑ መርከቡ ሆድ ያምሳል፤ በነፋሱ አቅጣጫ ያሉት ዳርቻዎች የባሕር አረም ይከመርባቸዋል፤ በላ ዲግ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ግራንድ አንስ ደግሞ ዋናተኛን የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ ስላለው፣ ባለቤትሽን የመሰለ፣ ሶደሬ ገንዳ ውስጥ እንኳ ጠርዙን የማይለቅ ሰው የሚቀርበው ቦታ አይደለም። ነፋሱ አቅጣጫውን በሚቀይርበት በጥቅምት ግን ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ ጡረታ ስትወጪ በጥቅምት ሂጂባት፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።

ልጃችሁ የመረጠው ዛንዚባር ቀርቷል፤ ለነሐሴ የምፈርደውም ለእርሱ ነው። ማሲካ የሚሉት ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወርዶ ያበቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ቅዝቃዜ ያለባቸው ወራት ናቸው። ነፋሱ ቢኖርም ደሴቷ ሰፊ ስለሆነች መሸሸጊያ አላት፤ ዋናው ነገር የትኛው ዳርቻ ላይ እንደምታርፉ ማወቅ ነው። ይህንን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ በዓይኔ ስላየሁት በዝርዝር ልንገርሽ። ፓጄና ጃምቢያኒ የተባሉት የምሥራቅ መንደሮች በፎቶግራፍ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ በፎቶግራፉ ላይ የማይታየው ግን ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ መሸሹ ነው። ከቁርስ በኋላ ልንዋኝ ወርደን ባሕሩን አጣነው። ከፊታችን የተዘረጋው እርጥብ አሸዋና ጉልበት የማይደርስ ኩሬ ብቻ ሲሆን፣ ማዕበሉ እጅግ ሩቅ፣ ነጭ መስመር ሆኖ ይታይ ነበር። በዚያ መካከል ቀሚሳቸውን ሰብስበው ያጎነበሱ ሴቶች፣ አሸዋው ላይ በተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ቅጠል አንድ በአንድ ያስራሉ፤ አረሙ ሲያድግ ደርቆ ለፋብሪካ ይሸጣል። ባዶ እግሩን የተራመደ ሰው ጥቁር እሾህ ያለውን የባሕር ፍጥረት ሊረግጥ ስለሚችል የጎማ ጫማ ግድ ነው። ለማየት የሚያስደንቅ፣ ለመዋኘት ግን የውሃውን ሰዓት መጠበቅ የሚያስገድድ ቦታ ነው፤ ኩሲም በቀጥታ የሚመታው ይህንኑ ወገን በመሆኑ በነሐሴ የሚያጥለቀልቁት በሸራ እየተጎተቱ ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶች ናቸው። እናንተ በሰሜን ጫፍ ኑንግዊ፣ ይልቁንም ወደ ምዕራብ የሚመለከተው ኬንድዋ ላይ እረፉ፤ እዚያ ውሃው ያን ያህል ስለማይሸሽ በማንኛውም ሰዓት ይዋኙበታል፣ ነፋሱም ከጀርባ ነው።

በቀጥታ ወደ ባሕሩ ግን አትሩጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው፣ የድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን) በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ እደሩ። የኦማን ሱልጣን ሳይድ መናገሻውን ከማስካት ወደዚህ ካዛወረ በኋላ ከተማው በቅርንፉድና በዝሆን ጥርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በባሪያ ንግድ የበለጸገ ነበር። በ1873 እ.ኤ.አ. የባሪያ ገበያው ሲዘጋ በስፍራው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራበት፤ አጠገቡ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው ክፍሎች ለጎብኝ ይታያሉ። ለልጃችሁ ከባሕሩ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። በጀልባ ጥቂት ተጉዛችሁ ደግሞ ቻንጉ ደሴት ላይ በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሸልስ በስጦታ የመጡትን ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች ታያላችሁ፤ የአንቺም ምርጫ በከፊል ተሟላልሽ ማለት ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ ያስከብራል።

ጾሙን እንደማትዘነጊው አውቃለሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 15 ያበቃል፣ በ16 ትፈስኪያለሽ፤ ስለዚህ ከነሐሴ 18 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ብትሄዱ ሱባኤሽንም አትነኪም፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊትም ትመለሻለሽ። በረቡዕና በዓርብም ቢሆን አትቸገሪም፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ቦሎቄና ጎመን በየቦታው ይገኛል፣ ቅቤ እንዳልገባበት ብቻ ጠይቂ።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልጨርስ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የምትቆጠር በመሆኗ የክትባቱን ቢጫ ካርድ ይጠይቋችኋል፤ ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ አንዴ የተወሰደው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ እዚያው ካለው የመድን ድርጅት የ44 ዶላር የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ ተደንግጓል። የወባ ትንኝ በጥቂቱም ቢሆን አለ፤ እኛ ሐዋሳዎች ስለ ወባ ማስታወሻ አያስፈልገንም፣ እናንተም አዳማዎች እንዲሁ። ዕቃ በፌስታል ጠቅልለሽ እንዳትሄጂ፣ ዛንዚባር የምትገኝባት ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። የቪዛውን ደንብ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከታንዛኒያ ኤምባሲ ጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለተተወ ሂሳባችሁን በዶላር ሥሩ፤ ነሐሴ የአውሮፓውያን የዕረፍት ወር በመሆኑ ኬንድዋ ላይ ያሉት ክፍሎች ቀድመው ስለሚያዙ እስከ ሰኔ መዘግየት አይገባም።

ለባለቤትሽ ፍርዱን ስትነግሪው፣ ማልዲቭስ በጥር እንጂ በነሐሴ እንደማትሆን እኔ እንዳልኩ ንገሪው፤ ቢቆጣም በእኔ ላይ ይቆጣ። አሁን የምፈልገው የሦስታችሁንም ፓስፖርት የሚያበቃበትን ቀን ነው፤ ከመመለሻችሁ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን አይተሽ በዚህ ሳምንት ጻፊልኝ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ፣
የሐዋሳዋ ጓደኛሽ