አባትህን አገኘኋቸው

አንተ ሰውዬ ደህና ነህ ወይ? ከተጠፋፋን ስንት ዘመን ሆነን፣ ማን ማንን እንደተወ እንኳን አላስታውስም፣ ቁጥርህም ተቀይሯል መሰለኝ በቴሌግራም ብሞክር አልሄድ አለኝ፣ ይሄንን በእህትህ በኩል ነው የምልክልህ። እኛ አለን። አዳማም ያው ናት ሙቀትና አቧራ፣ ባጃጁ በዝቶ ፍራንኮ ጋ መንገድ መሻገር ራሱ ፈተና ሆኗል።

የጻፍኩልህ በጋሼ፣ በአባትህ ምክንያት ነው። የጥበቃ ስራቸውን አድረው ሲወጡ አገኘኋቸውና ቡና ጠጣን፣ ያው ወሬ ወሬን ይስባል ስለ ናደው እዝ ተነሳ፣ ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ሻዕቢያን ይዋጋ ስለነበረው የደርግ ጦር። ልጆች እያለን አፍአበት የሚል ስም ሲሰሙ ተነስተው ይወጡ አልነበር? ዘንድሮ ግን አወሩኝ፣ እኔም ቡናዬ ቀዘቀዘ።

እዛ ጦር ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ወታደር እንደነበሩ ታውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። መጋቢት 1980 ግንባሩ ሲፈርስ በከረን አቅጣጫ ሲያፈገፍጉ፣ ሬዲዮዋን ሻዕቢያ እጅ እንዳትገባ ሰብረው ቀበሯት፣ እንደዛ ነው የተማሩት። ክላሻቸውን ግን አልጣሉም። እግራቸው ከማበጡ የተነሳ ጫማው በምላጭ ተቀዶ ነው የወለቀው። ወገን ጋ ሲደርሱ ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን መሰለህ፣ «ሬዲዮኑስ?» በቃ፣ ንብረት አጥፊና ፈርጣጭ ተብለው ታሰሩ። እዛው አፍአበት መንገድ ላይ የተዘጋውን የራሳችንን ታንክና መኪና በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን ጀቶች ነበሩ የደበደቡት እኮ! ያኛው ውሳኔ ነው፣ የጋሼ ግን ወንጀል። እሳቸው ይሄን ሲነግሩኝ ሳቁ፣ እኔ ነኝ የተናደድኩት።

እና ከዛ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳነብ ነው የከረምኩት። ናደው ከመደምሰሱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ የካቲት ላይ፣ አዛዡን ብርጋዴር ጄነራል ታሪኩ ዓይኔን መንግስቱ አስረሸናቸው፣ ከዛ በፊት ለደረሰው ሽንፈት ጥፋተኛ ተብለው። ግንባሩን ለዓመታት የሚያውቀውን ሰው ገድለህ ወታደሩን እዛው ምሽግ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዛ ሻዕቢያ ሲመጣ በሁለት ሶስት ቀን አለቀ፣ ሶስት የሶቪየት መኮንኖች ሳይቀሩ ተማረኩ። በዛ ላይ አዛዡ ለብቻው፣ ኮሚሳሩ (የፖለቲካ ኃላፊው) ለብቻው፣ የደህንነቱ ሰው ለብቻው ወደ ላይ ሪፖርት የሚያደርጉበት ጦር ነው። እስቲ አንተ ብትሆን ከታሪኩ በኋላ «ይሄ ቦታ አይያዝም፣ እንልቀቅ» ብለህ ትጽፋለህ? እኔ አልጽፍም። ለኔ ጦሩን የጨረሰው ከጥይቱ ይልቅ ይሄ ፍርሃት ነው። ደሞ ያስረሸነው ሰውዬ ግንቦት 1983 ላይ በአውሮፕላን ውልቅ ብሎ ዚምባብዌ ገባ፣ እሱን ግን ማንም ፈርጣጭ ብሎ አላሰረውም (ወታደር ቤት ቢሆን ኖሮ ሬዲዮኑስ ይሉት ነበር)።

የኛ ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካኖቹም በፈረንጆቹ 1945 ኢንዲያናፖሊስ የምትባል መርከባቸው በጃፓን ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች፣ ከ1,195 ሰው የተረፈው 316 ነው፣ መርከቧ መቅረቷን ልብ ያለ ስለሌለ ሰዉ ለቀናት ባህር ላይ ቀረ። ለፍርድ የቀረበው ግን ካፒቴኑ ማክቬይ ነው፣ ከሰርጓጅ ለማምለጥ ለምን ዚግዛግ እየተጠማዘዝክ አልሄድክም ተብሎ፣ የመታው ጃፓናዊ ራሱ መጥቶ ዚግዛግ ቢሄድም እመታው ነበር ብሎ መስክሮ እንኳን ተፈረደበት። በ1968 ራሱን አጠፋ። ስሙን ያጸዱለት ከሞት የተረፉት መርከበኞቹ ናቸው ዝም አንልም ብለው፣ ኮንግረሱ ጥፋት የለበትም ያለው በ2000 ነው።

እና ልልህ የፈለኩት፣ ጋሼ አሁን ማውራት ጀምረዋል፣ ግን ለኔ ሁሉንም አይነግሩኝም፣ እስር ቤቱ ጋ ሲደርሱ «እሱን ለልጄ ነው የምነግረው» ብለው ዘለሉት። ሳልም ጀምሯቸዋል። ለፋሲካ ና፣ ካልቻልክም በቪዲዮ ደውልላቸውና ቅዳው፣ ስማርት ስልክ ስለሌላቸው በኔ ስልክ አገናኝሃለሁ። ማታ ተረኛ ስለሆኑ ጠዋት ሶስት ሰዓት ይሻላል፣ ቁጥሬ የድሮው ነው።