ጉድጓዱ ጥግ የምናልፍ ሰዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰፈራችን ውስጥ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። የቆርቆሮ አጥሩ አንድ ጥጉ ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል። የእግረኛ መንገዱን አሸዋና ፌሮ ስለያዘው፣ ተማሪዎች ከሚኒባስ ጋር እየተጋፉ አስፋልት ላይ ይሄዳሉ። ባለፈው ከጎኑ ካለው ጅምር ሕንፃ የባሕር ዛፍ አጣና ወድቆ አንዲት እናት ለጥቂት ተረፉ።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንኳ በግንባታ ወቅት የሰው ደህንነት እንዲጠበቅ ደንግጓል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ የጠጣ አፈር ሳይታሰብ ይናዳል። እባካችሁ፣ የጉድጓዱ ጠርዝ ይደገፍ። ከመተላለፊያው በላይ መከለያ ይሠራ። የኃላፊው ስልክና የእሳትና አደጋ ጥሪ 939 በሩ ላይ በትልቁ ይጻፉ። የአምቡላንስ መግቢያውም በብሎኬት አይዘጋ።

ማታ ያለው አንድ ጥበቃ ብቻ ነው። አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚደውል ጠየቅኩት። «እኔ እንጃ» አለኝ።

የሰፈሩ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ