«እሺ» ሁሉ እሺ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን አንድ ሰው የአባቴን የልብስ ስፌት መኪና ሊገዛ ቤታችን መጣ። ዋጋ ጠራ። አባዬ «እሺ» አለ። ሰውዬው ብሩን መቁጠር ጀመረ። «ኧረ አይሸጥም!» ስለው፣ «እንዴ፣ እሺ ብለዋል እኮ!» ብሎ ተቆጣ።

ብሏል፣ አልካድኩም። አባዬ የቀረችው ቃል ግን እሷው ብቻ ናት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ ጎንደሬው ሁሉ ሲያዋክበው ከርሞ፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ስትሮክ መታው። ሐኪሞቹ አፌዚያ ይሉታል፤ አንጎል ሲጎዳ ቃል መጥፋት ማለት ነው። የተመታው የአንጎሉ ግራ ጎን ነው፤ ቀኝ እጁም የዛለው ለዚሁ ነው። በአብዛኛው ሰው ቃሉ ያለው በግራ በኩል ነው። በድምፅ ዜማ ላይ ግን ቀኙም ትልቅ ድርሻ አለው። አባዬ ቃሉ ሄዶ ዜማው ቀረለት።

በ1861 እ.ኤ.አ. ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የመረመረው በሽተኛም «ታን» ከማለት በቀር አይችልም ነበር። መጠሪያውም ታን ሆኖ ቀረ። የእኛ «እሺ» ትሻላለች፤ ቢያንስ አማርኛ ናት።

ቡናው ከጣመው አጠር ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ስኳር ካሳነስኩ «እሺ…ይ» ተብላ ትጎተታለች። ለገዢው የደረሰችው ደግሞ ከጉሮሮ ወጥታ መጨረሻዋ ቁልቁል የወረደችው ናት። ድሮ ቅዳሜ ገበያ ሱቁ ውስጥ ነገረኛ ደንበኛ ሲጨቀጭቀው የሚላት። «ውጣልኝ» ማለት ናት።

የሚያናድዱኝስ ጠያቂዎቹ ናቸው። ጆሮው የደነቆረ ይመስል ይጮኹበታል። አንዷ ጎረቤታችን እፊቱ ተቀምጣ፣ በለቅሶ ቤት ድምፅ፣ «ምን ይሰማቸዋል ብለሽ ነው?» አለችኝ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ረጅም ወሬ ይጠፋበታል፣ አልዋሽም። ከንፈር መጠጣ ግን አይጠፋበትም።

የሰፈራችን ጫማ ጠጋኝ ብቻ እንደ ድሮው ይሰድበዋል። «አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም አልሰፋህም?» አባዬ «እሺ! እሺ! እሺ!» ብሎ ይመልስለታል፣ ግራ እጁን እያወናጨፈ። አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ይከራከራሉ። ማን እንዳሸነፈ እኔ እንኳ ከማድ ቤት ሆኜ አውቃለሁ።

መኪናው አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። ያ ሰውዬ ጋዜጣ የሚያነብ ከሆነ፣ አይሸጥም።

ልጁ፣ ከጎንደር