ለሊዝበን ከተማ ምክር ቤት፦ ግሎሪያ ዳግም ከመነሳቱ በፊት

ክቡር ከንቲባና የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 የግሎሪያ ፉኒኩላር (በኬብል የሚሳብ የዳገት ባቡር) ኬብል ተበጥሶ 16 ሰዎች ሞተዋል። ከ1885 ጀምሮ ያን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ባቡር ወደ ሥራው እንዲመለስ አጥብቀን እንፈልጋለን። ቢጫው አካሉ አይነካ፤ መለወጥ ያለበት ከወለሉ በታች ያለው ነው።

ሁለቱ ፉርጎዎች በአንድ ኬብል ታስረው እርስ በርስ ይመዛዘናሉ፤ ኬብሉ ሲለቅ ሚዛኑ ባንዴ ይጠፋል። ባዶውን 14 ቶን ገደማ የሚመዝነው ፉርጎ 40 ያህል ሰው ሲጭን ወደ 17 ቶን ይጠጋል፤ 18 በመቶ በሚሆን ተዳፋት ላይ ቁልቁል የሚስበው ኃይል 3 ቶን ያህል ነው። የዚያን ቀን የአየር ፍሬኑም የእጅ ፍሬኑም ተይዘው ነበር፤ አላቆሙትም። ሁለቱም የሚይዙት ጎማውን ነዋ! የብረት ጎማ በዚያ ተዳፋት ላይ እንዳይንሸራተት ከሐዲዱ ጋር ያለው ሰበቃ ከ0.18 መብለጥ አለበት። ዝናብ ወይም ግሪስ የነካው ሐዲድ ወደ 0.1 ይወርዳል፤ ጎማው ተቆልፎም ይንሸራተታል። ስለዚህ ኬብሉ ሲላላ በሞላ ኃይል ራሱ የሚዘጋ፣ ሐዲዱን እንደ መንጋጋ የሚጨብጥ ፍሬን ያስፈልጋል። ሐዲዱ ከመንገዱ ንጣፍ እኩል ተቀብሯልና ለመንጋጋው መያዣ ማበጀት ከሁሉ ከባዱ ሥራ ነው። በጀት የሚገባውም እሱ ላይ ነው።

ኬብሉ የተበጠሰው ከፉርጎው ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ነው፤ ቦታው ካልተፈታ በቀር ለዓይን አይታይም። በዚያው ዕለት ጠዋት የተደረገው የዓይን ፍተሻ ምንም ያላገኘው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ማያያዣ የኬብሉ ሽቦዎች እንደ መጥረጊያ ተበትነው ሾጣጣ ብረት ውስጥ ይገቡና የቀለጠ ብረት ይፈስባቸዋል። ግትሩ ክፍል አልቆ ተጣጣፊው በሚጀምርበት አፍ ላይ ሽቦው በየጉዞው ይታጠፋል፣ እርጥበትም ይቋጥራል፣ ከውስጥ አንድ በአንድ ይበጠሳል። የማግኔት መመርመሪያም ቢሆን እስከ ማያያዣው አፍ ድረስ ማንበብ አይችልም። መላው አንድ ነው፤ ኬብሉ ጤነኛ ቢመስልም በተወሰነ ጊዜ ጫፉን ቆርጦ እንደ አዲስ ማሰር።

የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት፣ ኬብሉ ሰው ለማጓጓዝ የተረጋገጠ እንዳልነበረና ጫፉ ላይ ከሚሽከረከር ማያያዣ ጋር እንዲሠራ እንዳልታሰበ ገልጿል። የመበጠሱ ምክንያት ይህ ነው ብሎ ግን አልደመደመም። ያም ሆኖ አዲስ ኬብል መጋዘን ሲገባ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ፤ ጫፉ ተከፍቶ እምብርቱ ቃጫ ይሁን ብረት ይታይ፤ የምስክር ወረቀቱ ከግዢ ዝርዝሩ ጎን ተቀምጦ ይነበብ፤ ናሙናም እስኪበጠስ ተስቦ ይፈተን።

የከተማዋ ሌሎች ፉኒኩላሮች ላቭራና ቢካም በዚሁ መንገድ ይታዩ። ሰው ከመሳፈሩ በፊት ፉርጎው በሰው ልክ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ፣ ሐዲዱ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ኬብሉ ላልቶ፣ ከሁሉ በሚብሰው ቁልቁለት ላይ በፍሬኑ ብቻ ይቁም። የፈተናው ውጤትና ጫፉ የታሰረበት ቀን ተሳፋሪው ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ ይለጠፍ።