የአረጋውያን የአውቶቡስ ቅናሽና የዕድሜ ስሌት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአረጋውያን ቅናሽ በጡረታ ደብተር ብቻ ከተሰጠ፣ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ በጉልትና በቀን ሥራ ያረጁ ወላጆቻችን ከደጅ ይመለሳሉ። ደብተሩ የሥራ እንጂ የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያን ይረዱ ሲል ጡረተኞችን ለይቶ አላነሳም።

ስሌቱም ያሳዝናል። ጥር 1957 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ጥር 2018 ላይ 61 ሞልቶታል። በፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ላይ ከሰፈሩት ሁለት ቀኖች የፈረንጁን 1965 ወስዶ ከ2018 የሚቀንስ ሠራተኛ ግን 53 ይለዋል!

የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ይጠይቅ፤ የቃል እምቢታ ለአቤቱታ አይመችም። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ መፍትሔ ካጣ ያለ ክፍያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክት።

የየካ አባዶ ነዋሪዎች